አባቴን ገድዬ ማር ስሸጥ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ እንዳታዝኑብኝ ነው። ሌላው ሰው ፍርሃቱን ሸፍኖ ይይዛል፤ የእኔን ግን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው የማያውቅልኝ የለም። ባጃጅ ስሳፈር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ውሻ ሲያጋጥመኝ ከባለቤቱ በፊት ውሻውን ነው እጅ የምነሳው። ሐይቁ ዳር ጎጆ ከወጣሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ውሃው እስካሁን ከቁርጭምጭሚቴ አልፎ አያውቅም። «ፈሪ ለናቱ» ይባላል። እኔ እናቴን ገና ጡት ሳልጥል ስላጣኋት ፈሪ ለአባቱ ሆኜ አደግኩ።

አባቴ የሚኖረው አምባሰል ነው፤ ከውጫሌ ወደ ላይ ሁለት ሰዓት ከምናምን በእግር ተወጥቶ። ንብ አናቢ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ እሱ የቆረጠውን ማር ሐይቅ አውርጄ በትንሿ ሱቄ መሸጥ ነው። ወደ አባዬ ቤት የሚያወጣው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ጠብቦ ገደሉን ይታከካል። ልጅ ሆኜ እዚያች ስፍራ ስንደርስ እጄን ይይዘኝ ነበር። አሁን ዕድሜዬ አርባ ሊሞላ ነው፤ ብቻዬን ስሆን ግን ዛሬም በአራት እግሬ ነው የማልፋት። ሰው ካለ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ እጎነበሳለሁ።

ሱቅ ውስጥም ያው ነኝ። ደንበኛ ሲገባ እደነግጣለሁ። «ቅመስ» ማለት እፈራለሁ፤ ቀምሶ ጥሎኝ ቢሄድስ? አባዬ ገበያ ሲወጣ ስንጥር እንጨት ማሩ ውስጥ ነክሮ «እንካ፣ ቅመስ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። የላሰ ሰው የትም አይሄድም። እኔ ግን ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲያየኝ አፌ ስለሚደርቅ መጻፍን መረጥኩ። ፌስቡክ ላይ ማንም ዓይንህን አያይህም።

የመጀመሪያው ማስታወቂያዬ «ንጹሕ የአምባሰል ማር አለን» የሚል ነበር። ሦስት ሰው ወደደው። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋ ሚስቴ አስካለ ናት፤ ሦስተኛው ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፋው እንድሪስ ነው፤ እሱም ማሬን በነጻ እየላሰ።

ያኔ ነው በስልኬ አንድ የሽያጭ ጽሑፍ አሰልጣኝ ያገኘሁት። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚያስተምር፣ ፀጉሩ የሚያብለጨልጭ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ወጣት ነው። «ሰው ማር አይገዛም!» አለ። ይሄንንስ እኔም አውቃለሁ አልኩ በሆዴ። «ሰው የሚገዛው ታሪክ ነው! የራስህን ታሪክ ንገረው! ቁስልህን አውጣ! አንተ ሳታለቅስ የጻፍከውን ሌላው ሳያነብ ያልፈዋል። ዓይኑ እንባ ያዘለ ሰው ግን እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል!» አበውም ቢሆኑ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብለዋልና ተቀበልኩት። ማር ሻጭ ደግሞ ስለ ጠጅ የተባለን ነገር መናቅ የለበትም።

ችግሩ ቁስል የለኝም። ፈሪ ሰው ከየት አምጥቶ ይቆስላል? የሚያቆስል ነገር ካለበት አልደርስም። ሦስት ቀን ሙሉ ሕይወቴን ስበረብር ቆይቼ ያገኘሁት ንብ ዓይኔ ሥር የነደፈችኝን ብቻ ነው። እሱኑ አሳምሬ ጻፍኩት። ሰዉ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ቀባበት ብሎ መከረኝ፤ ማር የጠየቀ ግን አልተገኘም። ስለ እናቴ ልጽፍ አሰብኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። የሷ ሞት እውነት ነው፤ እውነተኛ ሞት ለገበያ አይወጣም አልኩ። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ደግ ነበር። እኔ ግን ቀጥዬ «የሌለ ሞትስ?» አልኩ።

ያን ሰሞን አባዬን ደም ግፊቱን ላስመረምር ደሴ ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «አባትህ ድንገተኛ ወሬ እንዳይሰሙ ተጠንቀቅ፤ ድንጋጤ አይሆናቸውም» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከማንሳቴ በፊት አማትባለሁ። እንግዲህ በዚህ ልብ ነው ዓርብ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ወንበሬን ስቤ የጻፍኩት፦

«አባቴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነፍሱ ልትወጣ ስትል እጄን ያዘኝ። ልጄ፣ አለኝ፣ ማሩ ውስጥ ስኳር እንዳትቀላቅልበት አደራ። እኔ ከላይ ሆኜ አይሃለሁ። ይህን ብሎ እጄን ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ የምሸጣት እያንዳንዷ ጠብታ የአባቴ አደራ ናት። ንጹሕ የአምባሰል ማር። ሐይቅ ከተማ። ብዛት ላለው ያሉበት እናደርሳለን።»

ፎቶውንም አልተውኩም፤ ባለፈው መስከረም ለግሸን ንግሥ ስንወጣ ነጠላውን አጣፍቶ የቆመበትን ለጠፍኩ። ስጽፍ አለቀስኩ። እንባዬ ስልኩ ላይ ጠብ ብሎ ሁለት ፊደል ጻፈ፤ እነሱን አጠፋሁ። አሰልጣኙ ያለው ደረሰልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ቀትር ሳይሆን ሰዉ ጎረፈ። «ነፍስ ይማር።» «እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ።» «ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን፤ ሁለት ኪሎ አስቀምጥልኝ።» አንዱማ ለሠርግ ጠጅ ሦስት ጀሪካን አዘዘ። በዚህች ዓለም ላይ እንዲያ ተፈልጌ አላውቅም። ለሁሉም «አሜን» እያልኩ መለስኩ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእኔ ነው፤ ያውም የገደል ፍርሃት ላለበት በሬ።

ገደሉ የታየኝ ከቀትር በኋላ ነው። ቤሩት ያለችው የአክስቴ ልጅ «ወይኔ አጎቴ! ምነው ሳትነግሩን ቀበራችሁት!» ብላ ጻፈች። እኔ አንብቤ ሳልጨርስ ጽሑፏን አጠፋችው። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ፤ ስልኳን ዘጋችው።

የኛን አገር ሰው ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚሄደው በእግሩ ነው። የሰማ ሰው ላልሰማው ይደብቃል፣ ስልክ አያነሳም፣ ቢያነሳም «ሁሉ ደህና» ይላል። ከዚያ ዘመድ ተጠራርቶ ማልዶ በር ያንኳኳል። ስለዚህ ስልኬ ዝም ባለ ቁጥር መርዶው በየመንደሩ እየተራመደ መሆኑ ገባኝ። ላጠፋው አልኩ፤ ባጠፋው ውሸት መሆኑ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ላስተካክለው አልኩ፤ ምን ብዬ? «አባቴ ተሽሎታል» ልበል? አባዬ ጋ እንዳልደውል የሱ ስልክ የሚከፈተው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ኔትወርክ ያለበት አፋፍ ላይ ይወጣና «ደህና ናችሁ? ደህና ነኝ» ብሎ ባትሪው እንዳያልቅ ይዘጋዋል። እኔም ጠዋት ሲሆን የሆነ ነገር ይሆናል ብዬ ተኛሁ። ፈሪ ሰው ሁሉን ነገር ለጠዋት ነው የሚያሳድረው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት እንድሪስ ገባ። እንድሪስ ሳይስቅ ገብቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ጋቢውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቆ ነበር።

«ኢናሊላሂ!» ብሎ አንገቴን አቀፈኝ። «አንተ ምን አይነት ሰው ነህ? አባትህ ሙቶ ሱቅ ትከፍታለህ? እኔ ጎረቤትህ እያለሁ ከስልክ ልስማው?»

«አልሞተም» የሚባለው አሁን ነበር። አንድ ቃል ናት። ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። ግን እንድሪስ እያለቀሰ ነው፤ የእውነት እንባ። አባዬ ከተማ በወረደ ቁጥር ሱሪውን የሚያስጠግነው እሱ ዘንድ ነው፤ ሁለቱ ሲጫወቱ እኔን እንኳ ይረሱኛል። እንዴት አድርጌ «ያለቀስከው ለማር ማስታወቂያ ነው» ልበለው?

«አሜን» አልኩ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ።»

«አሜን።»

«አብሽር፤ ለቅሬው ነግሬያለሁ። ድንኳኑን ይዘው እየመጡ ነው።»

ቅሬ ማለት እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበራችን ነው። ከቅሬ ጋር ቀልድ የለም። በመንግሥት ብትቀልድ ይታለፍ ይሆናል፤ ቅሬ ያወጣው ሰው ግን የሞተ ዕለት ራሱ ተነስቶ ራሱን መቅበር አለበት። የድንኳኑ እንጨት ባጃጅ ላይ ተጭኖ ሲመጣ አየሁና በጓሮ በር ሾልኬ ቤቴ ገባሁ።

አስካለ ልብስ እያጠበች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ሳሙናውን እንደያዘች ቆመች።

«አባባን ገደልካቸው?»

«በጽሑፍ ነው እንጂ…»

«በምንስ ቢሆን! ሰው መግደል ካማረህ እኔ አጠገብህ አልነበርኩም?»

«አንቺማ ከተማ ውስጥ ነሽ፤ ሰው ያይሻል» አልኩ። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ።

እንደምትወረውርብኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ሳሙናውን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስማ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አክስትህ ይሄን ግዜ ሰምታለች። ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች ደጃቸው ድረስ ብትጮህባቸው አባባ ምን ይሆናሉ? ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ከትናንት ጀምሮ ላለማሰብ የምታገለው እሱን ነበር። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል፤ እኔ ደግሞ የፈራሁት ነገር መንገድ እንዳይስት ከነፎቶው አድራሻ ጽፌ ላክሁት።

«ቅሬውን እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ድፍረቱን አምላክ ይስጠኝ» አለች አስካለ። «አንተ ሩጥ። ከነሱ ቀድመህ ድረስ።»

ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። ስልኳን እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች።

«ይሄን አይተኸዋል ወንድሜ? ሐይቅ ያለ ማር ሻጭ ነው አሉ። አባቱ እጁን እንደያዙ አረፉ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ።

«ሦስት ቀን ሙሉ እጁን አልለቅም ብለው በግድ ነው ያላቀቋቸው።»

ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንቦቹስ! ቀፏቸውን ጥለው ሬሳውን ተከትለው እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ያየ ሰው ነው የነገረኝ።»

«ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል» ያሉት አበው ኢንተርኔት ሳይገባ ነው። የእኔ ሐሰት በአንድ ቀኑ ከብዶ ሚኒባሱን ዳገት አላስወጣው አለ። ሴትዮዋ አለቀሰች። እኔም ስለ አባዬ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ አክስቴ ፈጣን እግር እያሰብኩ አለቀስኩ። «አየህ፣ ያንተም ሆድ ባባ» አለችና ከያዘችው ቆሎ በሁለት እጇ አፈሰችልኝ። «እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ!» አለች። ቆሎውን በላሁት፤ ምን ላድርግ፣ ቁርስ አልበላሁም ነበር።

ከውጫሌ ወደ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አልነግራችሁም፤ እኔም አላውቀውም። ልቤ ከእግሬ ቀድማ ትሄዳለች፤ ደርሳ ያየችውን እንዳትነግረኝ ደግሞ እፈራለሁ። ስለት ገባሁ። «የግሸኗ እመቤቴ፣ አባቴን ብቻ አቆዪልኝ፤ ንጹሕ ሰም ለጧፍ አመጣልሻለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሽም፤ ያቺንም ገደል ቆሜ አልፋታለሁ።» የመጨረሻዋን ካልኩ በኋላ ደነገጥኩና «ከቻልኩ» ብዬ ጨመርኩባት።

ገደሏ ጋ ደረስኩ። አካባቢዬን አየሁ፤ ሰው የለም። እንደ ልማዴ በአራት እግሬ ሆንኩ። መሐሏ ላይ ሳለሁ ጥሩንባ ሰማሁ።

የመንደር ቅሬ ጥሩንባ የሚያስነፋው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ቀጥሎ ጩኸቱ መጣ። ከአባዬ ግቢ ነበር።

ሞቷል። እኔ ነኝ የገደልኩት። የጻፍኩት ሁሉ አንድ ባንድ ይመጣብኝ ጀመር። «እጄን ያዘኝ» ብዬ ነበር። የማንን እጅ ያዘ? ብቻውን ግቢው ውስጥ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንኳ አላገኘም ይሆናል። ተነስቼ ሮጥኩ። ገደሏን በሁለት እግሬ ሮጬ ማለፌ ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። አክስቴ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ መሐል ገባሁ። መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ ፊቱ እስከ ጺሙ እበት ተለቅልቆ፣ መሬት ቁጭ ብሎ ሙሾ ያወርዳል። ፊቱን አላወቅኩትም። ድምፁ ግን የአባዬ ነው።

«ልጄ ፈሪ ነበር!» ይላል። «ጨለማ ይፈራ ነበር! ውሻ ይፈራ ነበር! ያቺን ገደል ያለ እኔ አያልፋትም ነበር! አሁን ያን ሁሉ የሰማይ መንገድ ማን እጁን ይዞ ያሻግርልኛል?»

«ወይ ፈሪ ልጁን!» እያለ ሰዉ ይቀበለዋል። ከሐይቅ ተርፎ የነበረው አምባሰልም ፍርሃቴን አወቀልኝ። በገዛ ለቅሶው ላይ ቆሞ ፈሪ መባል ለጠላትም አይስጥ። ግን በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ አለ! ተቀምጧል! ይጮኻል!

«አባዬ» አልኩ።

መጀመሪያ ያየችኝ አክስቴ ናት። «በስመ አብ!» ብላ ቀፎ ተከናንባ ልትደበቅ ሞከረች። ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባውን ጣለ። አባዬ ቀና አለ። አተኩሮ አየኝ። ተነስቶ መጣና እበት በነካው እጁ ግንባሬን ዳበሰኝ፣ ጉንጬን ዳበሰኝ፣ ትከሻዬን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ። እጄን ሲያገኘው ያዘው።

«ትኩስ ነው» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «እጁ ትኩስ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አክስቴ ከሸለቆው ማዶ ነው የምትኖረው፤ ንጋት ላይ አረዷት። ዘመዶቿን አስከትላ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች ስትደርስ ወንድሟ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ አዲስ ቀፎ በእበት ይለቀልቃል። ድምጿ ቀጥ አለ። አባዬ ደግሞ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አየና ብድግ ብሎ «ማነው የሞተው?» አለ። ማን ይመልስለት? ሟቹ ራሱ ማነው የሞተው ብሎ ሲጠይቅ ምን ተብሎ ይመለሳል? ዝም አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ አርጂ ዝም ካለ የሞተው የልብ ሰው ነው። «ልጄ ነው!» ብሎ በዚያው በእበት እጁ ፊቱን ነጨ። አክስቴም ቆም ብላ አሰበች፤ ወሬው የመጣው ከማር ሻጩ ዘንድ ነው፤ ወንድሟ ካለ የሞተው ልጁ መሆን አለበት። ስለዚህ ለቅሶዋን ወደ እኔ አዛወረችው። ከመጡት ሁሉ ጽሑፉን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

የመንደሩ ቅሬ ዳኛ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ሰዉ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እንግዲህ ቅሬ በከንቱ አይጠራም» አሉ። «ጥሩንባ ተነፍቷል። ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቷል። ንፍሮ ተጥዷል። የሞተው ማነው?»

«ማንም» አልኩ።

«ታዲያ ገዳዩ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

እየተንተባተብኩ ተናዘዝኩ። አሰልጣኙን፣ ቁስሉን፣ ሦስቱን ጀሪካን፣ አንድም አልደበቅኩም። ስጨርስ አባዬ «አንብበው» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። ጽሑፉን ሐይቅ ላይ ሳለሁ ስንት ጊዜ እያነበብኩ ተደስቼበታለሁ፤ እዚያ ግን ፊደሎቹ እንደ ንብ ዓይኔ ላይ ይርመሰመሳሉ። «እጄን ለቀቀኝ» የሚለው ላይ ስደርስ አክስቴ እንደገና እዬዬ አለች፤ ሞተ የተባለው ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ። አሰልጣኙ እውነቱን ነው፤ ጽሑፉ ይሠራል።

አባዬ ያዘቀዘቀውን ጋቢ አቃንቶ ለበሰ። ግንባሩ ላይ ያለችው ደም ሥር ተነስታለች። ሐኪሙ የፈራው ድንጋጤ አልፎ ንዴቱ ሊገድለው ነው ብዬ ፈራሁ።

«እኔ ስኳር እንዳትቀላቅል ብዬህ አውቃለሁ?» አለ።

«የለም።»

«ለምን አላልኩህም?»

«እንጃ።»

«እንደማትቀላቅል ስለማውቅ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። «መሞቴስ ይሁን፤ ዞሮ ዞሮ አይቀርም። ልጄን ሳላምነው እየለመንኩት እንደሞትኩ አርገህ የጻፍከው ከየት አምጥተህ ነው? አገር ምን ይላል? ሌባ ወልዶ ኖሯል አይለኝም? ደሞስ ማር ለመሸጥ ይሄ ሁሉ ለምኑ ነው? ቅመስ ማለት ተስኖህ ነው?»

ተስኖኝ ነው። አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬት አየሁ።

ጋሽ ደምሴ ከሽማግሎቹ ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩና ፈረዱ። «የተጠራ ለቅሶ አይፈርስም። ንፍሮው ተቀቅሏል፤ ይበላል። አንተ ለሠርጉ ጠጅ ልታወርደው የነበረውን ማር ታወጣለህ። ንፍሮ በማር ተበልቶ አያውቅም እንዳትሉኝ፤ ሰው ሙቶ ለንፍሮው ሲደርስም አይተን አናውቅም።»

ጎተራው ሥር የተቀመጡት ሦስት ጀሪካኖች ወጡ። ንፍሮው ሲቀርብ ሁሉም ቀድሞ ለመዝገን ፈራ። በመጨረሻ አባዬ እጁን ሰደደ። እፍኝ ሙሉ ዘግኖ፣ አላምጦ፣ «ጨው አንሶታል» አለ። ስለ ንፍሮው አስተያየት የሰጠ ሟች ከሱ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ሰዉ ሳቅ አመለጠው፤ አክስቴም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። አባዬ ስንጥሩን ማሩ ውስጥ እየነከረ «እንካ፣ ቅመስ» እያለ ለሁሉም አዞረ። ማሩ እንዲያ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ እሑድ አባዬ ሊሸኘኝ ወጣ። አፋፉ ላይ ኔትወርክ ስናገኝ «አባቴ በሕይወት አለ። ዋሽቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ማሩም አልቋል» ብዬ ጻፍኩ። የወረደብኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም። አሰልጣኙ ብቻ «ግሩም መጨረሻ!» አለኝ። አስካለ ጋ ደወልኩ።

«ድንኳኑን ነቅለውታል» አለች። «እንድሪስ ግን ወላሂ እሱ ሲመጣ ለራሱ እንተክልለታለን እያለ ነው።»

ወደ ቤት መሄድም ፈራሁ። ግን መሄድ ነበረብኝና ቁልቁለቱን ጀመርን።

ገደሏ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። ትናንት የሮጠው እግር የት እንደሄደ እንጃ። አባዬ ምንም ሳይለኝ እጁን ዘረጋ፤ ያዝኩት። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ቀስ እያልን ገባን።

«ከሰው ሁሉ እኔን ለምን?» አለኝ መሐሏ ላይ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር።

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«እንዳትሞትብኝ። ሐኪሙ ካየህ ወዲህ የማስበው እሱን ብቻ ነው። ጻፍ ሲሉኝ ያሰብኩትን ጻፍኩ።»

ጠጠር ከእግራችን ሥር ተንሸራታ ገደል ገባች። ድምጿ እስኪጠፋ ሁለታችንም ቆመን ሰማን።

«እኔም ትናንት አንተን ሙተህ አይቼሃለሁ» አለ። «ካንተና ከኔ ያንተው ይሻላል። ተራው እንደሱ ነው።»

አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«የሞትኩ ዕለት ግን እንዳትጽፈው። መጥተህ ቅበረኝ።»

«እሺ አባዬ።»

ገደሉ ከኋላችን ቀርቶ፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ ሰው የሚያይበት ሜዳ ላይ ደርሰን እንኳ እጁን አልለቀቅኩም።